የተከፈለ ልብ ከመድረክ በስተጀርባ፦ በተማሪዎች የቴአትር ዝግጅት የባልደረባን የተከፋፈለ ቁርጠኝነት ስለ መያዝ

በቴአትር ሥራ ውስጥ ተመልካች የማያያቸው ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የመድረክ ሥራ አስኪያጅ የልምምዱን ሰዓት የሚያስጠብቅ፣ አዘጋጁ የወሰነውን ሁሉ በመዝገብ የሚያሰፍር፣ ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላም መብራት፣ ድምፅ፣ መጋረጃና ተዋናይ እያንዳንዳቸው በጊዜያቸው እንዲንቀሳቀሱ ትእዛዝ የሚሰጥ ባለሙያ ነው። አዘጋጁ ተውኔቱ ለተመልካች ሲከፈት ሥራውን ጨርሶ ከታዳሚው መካከል ይቀመጣል፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ትርኢቱ በሥራ አስኪያጁ እጅ ነው። በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ይህ ኃላፊነት ለተማሪ ይሰጣል፤ ረዳቶቹም የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ችግርን ነው፤ ይኸውም ከረዳቶቹ አንዱ ልቡ በሁለት ሥራ መካከል ተከፍሎ ሲገኝ ተማሪው ሥራ አስኪያጅ ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለውን ነው። ለአነጋገር እንዲመች ከዚህ በኋላ ሥራ አስኪያጇን በሴት፣ ረዳቱን በወንድ ጾታ እንጠራለን።

ጉዳዩ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ቴአትርን የሚወድ ሰው ሌላ ነገር አያስብም ይባላል፤ የዘገየው ይገሠጻል፣ ደጋግሞ የቀረው ይሰናበታል። እንዲህ ያለው አያያዝ ሥነ ሥርዓትን ያስከበረ ይመስላል እንጂ ችግሩን አይነካውም፤ የተሰናበተውን ሰው የሚተካው ሌላ ተማሪ በአብዛኛው እንደ እርሱው ሁለት ሥራ የያዘ ነውና። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሥራ አስኪያጇ የምታስተዳድረው የባልደረባዋን ልብ ሳይሆን በእጁ ያለውን ሥራ ነው የሚል ነው። ልቡን ብትጠይቀው የምታገኘው መልስ ለትርኢቱ የሚረባ አይሆንም። በእጁ ያለውን ሥራ ግን ልትቆጥረው፣ ልታዛውረው፣ ተተኪም ልታዘጋጅለት ትችላለች።

ልብ የሚከፈልበት ምክንያት

ሁለት ሥራ መያዝን የአገራችን ተረትና ምሳሌ አይኰንነውም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ብሂል እንዲያውም ጥንቃቄን ያስተምራል። የቴአትር ተማሪም ባላ የሚተክለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ የማስታወቂያ ቀረጻ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የድግስ ድምፅ ማጉያ ሥራ ቢያንስም ገንዘብ ያስገኛሉ፤ የተማሪ ዝግጅት ግን ገንዘብ አያስገኝም። ከዚህም በላይ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው እንጀራ የሚገኘው ከቀረጻው ሜዳ እንጂ ከትምህርት ክፍሉ አዳራሽ አለመሆኑን ተማሪው ያውቃል።

የሙያው ልማድም የራሱ ድርሻ አለው። እንደ ሀገር ፍቅርና እንደ ብሔራዊ ቴአትር ባሉ የአዲስ አበባ ቋሚ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት በሳምንት በተወሰነለት ቀን ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሲታይ መኖሩ የቆየ አሠራር ነው። ይህ አሠራር ተዋናዩም ሆነ የመድረክ ሠራተኛው በቀሩት ቀናት ሌላ ሥራ እንዲሠራ ቦታ ይተውለታል፤ ስለዚህ በሙያው ውስጥ ሁለትና ሦስት ቦታ መሥራት ነውር ሆኖ አያውቅም። የተማሪዎች ዝግጅት ግን የተለየ አካሄድ አለው። ልምምዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታጨቃል፣ ትርኢቱም በጥቂት ምሽቶች ያልቃል። ተማሪው ከታላላቆቹ የቀሰመው ሁለት ቦታ የመሥራት ልማድ በሳምንት አንድ ቀን ለሚታይ ተውኔት የተበጀ ስለሆነ፣ በየምሽቱ ለሚሄድ ልምምድ ልኩ አይሆንም። እንደ ስንፍና የሚታየው ነገር ብዙውን ጊዜ ይህ የልክ አለመገጣጠም ነው።

በማኅበራዊ ጥናት መስክ ይህን ጉዳይ የሚያብራሩ ሐሳቦች አሉ። ዊልያም ጉድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሰው በተለያዩ ኃላፊነቶቹ መካከል የሚደርስበት መወጠር ያልተለመደ ጕድለት ሳይሆን የሁሉም ሰው የዘወትር ሁኔታ መሆኑን፣ ሰውም በየጊዜው ከእያንዳንዱ ወገን ጋር እየተደራደረ እንደሚኖር አመልክቷል። በዚያው ዓመት ሃዋርድ ቤከር ቁርጠኝነት የሚጸናው ስለ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ሰው በአንድ መንገድ ላይ ሌሎች ጥቅሞቹን ስላስያዘ ጭምር መሆኑን አስረድቷል። ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ ሉዊስ ኮዘር እ.ኤ.አ. በ1974 ስስታም ተቋማት ሲል የጠራቸውን የመረመረበት ሥራ ነው። ኮዘር እንደሚለው አንዳንድ ተቋማት ከአባላቸው የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ሥራ በማግኘት አይረኩም፤ መላ ሰውነቱን ይፈልጋሉ፣ ሌላ ታማኝነቱንም እንደ ተፎካካሪ ያያሉ። የልምምድ ክፍል ውስጥ የቆየ ሰው ይህ መግለጫ የማንን ቤት እንደሚመስል ወዲያው ያውቀዋል። የቴአትር ሰዎች ስለ መሥዋዕትነት የሚናገሩት ንግግር ውበት አለው፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጇ ይህን ንግግር ለማሳፈሪያነት ከተጠቀመችበት ረዳቷ ሁለተኛ ሥራውን መደበቅ ይጀምራል። የተደበቀ ሥራ ደግሞ በፕሮግራም ሊያዝ አይችልም።

መቅረትና ተገኝቶ አለመኖር

ጄፍሪ ግሪንሃውስና ኒኮላስ ቢዩቴል እ.ኤ.አ. በ1985 የሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት ግጭትን ሲተነትኑ ሰዓት የሚያመጣውን ግጭት ድካም ከሚያመጣውና ጠባይ ከሚያመጣው ለይተው ነበር። ልዩነቱ ወደ መድረክ ጀርባ ሲመጣ ይበልጥ ይጎላል።

በሰዓት ግጭት የሚቀር ረዳት ከሁሉ የቀለለ ችግር ነው፤ አለመኖሩ ይታያልና። ለምሳሌ ስድስት ሳምንት የሚፈጅ፣ በሳምንት አምስት ምሽት በየምሽቱም ሦስት ሰዓት የሚካሄድ ልምምድ እንውሰድ። ጠቅላላው 90 ሰዓት ይሆናል። ረዳቱ ማክሰኞና ሐሙስ ቀረጻ ስላለበት የማይገኝ ቢሆን 36 ሰዓት ያመልጠዋል፣ 54 ሰዓት ይቀረዋል። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ሆኖም ሰዓቶቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዘጋጁና ተዋንያኑ ጽሑፉን ተቀምጠው በሚያነቡበት ጊዜ የመድረክ ቁሳቁስ ኃላፊ ባይገኝ የሚጎድለው ጥቂት ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ተውኔቱ ሳይቋረጥ በሚሄድባቸው አሥር ምሽቶች ውስጥ አራቱን ቢቀር ግን ጉዳቱ ከመጀመሪያው ወር መቅረቱ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇ ልትጠይቅ የሚገባት ስንት ቀን ቀረ ብላ ብቻ ሳይሆን የትኛው ቀን ቀረ ብላ ነው።

ድካም የሚያመጣው ግጭት አስቸጋሪ ነው። ረዳቱ በሰዓቱ መጥቷል፣ በመዝገቡም ላይ ፈርሟል፤ ነገር ግን ከንጋት ጀምሮ ቀረጻ ላይ ስለዋለ ሐሳቡ እዚያው ነው። ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት አንዱን ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ሰው ትኩረቱ በከፊል በፊተኛው ላይ እንደሚቀር፣ በኋለኛው ሥራ ላይ ያለው አፈጻጸምም በዚህ ምክንያት እንደሚጎዳ አሳይታለች። የመድረክ ረዳት ሥራ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት እጅግ የተጋለጠ ነው። ተዋናይ ቃለ ተውኔቱን ቢዘነጋ ባልደረባው ሊያነሣለት ይችላል፤ በሁለተኛው ገቢር ላይ ተዋናይዋ ከመሶቡ ሥር የምታገኘው ደብዳቤ በቦታው ካልተቀመጠ ግን ማንም ሊያነሣላት አይችልም። ስሕተቱ የተፈጸመው ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ሲሆን የሚታየው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ጉዳዩ ከትርኢት መበላሸት አልፎ ወደ አካል ጉዳት የሚሄድበትም ጊዜ አለ። መብራት ጠፍቶ ትዕይንት በሚለወጥባት አጭር ቅጽበት ሰዎች በጨለማ ከፍ ያለ መደብ ያንቀሳቅሳሉ፣ ደረጃ ያስጠጋሉ፣ የደረጃውን መቆለፊያ ይዘጋሉ። ተዋናዩ ደረጃው መቆለፉን ሳያይ አምኖ ይረግጠዋል። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ በቴክኒክ ልምምዱ ላይ ያልተገኘ ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በጨለማ ዕቃ አያንቀሳቅስም። ሥራ አስኪያጇ ይህን ደንብ ችግሩ ከመከሠቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ማንንም ሳትጠቅስ ብትናገረው በኋላ በአንድ ሰው ላይ የወጣ ሕግ አይመስልባትም።

ጠባይ የሚያመጣው ግጭት አጭር ማስታወሻ ይበቃዋል። በቀረጻ ሜዳ ስሕተት ቢፈጠር ይደገማል፤ ከዚያ የመጣ ረዳት መድረክ ላይም ይደገማል የሚል እርጋታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ በአንድ ምሽት ልምምድ የሚስተካከል ነው።

ይሉኝታና «እሺ» የሚለው ቃል

የውጭ የመድረክ አስተዳደር መማሪያዎች ከባልደረባ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ ብለው ያልፋሉ። በእኛ የልምምድ ክፍል ግልጽ ንግግር በይሉኝታ ውስጥ ያልፋል። ረዳቱ ሐሙስ ትመጣለህ ወይ ተብሎ በጓደኞቹ ፊት ሲጠየቅ እንደማይችል እያወቀ «እሺ» ይላል። ይህን ውሸት ማለት ነገሩን አለመረዳት ነው። እሺ ያለው ለጠያቂዋ ክብር ሲል ነው፤ ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ለእርሱ ከመቅረት የከፋ ነውር ነው። ሐሙስ ይቀራል፤ ዓርብ ዕለት ምክንያት ይዞ ይመጣል። ምክንያቱም ለቅሶ ወይም ሕመም ከሆነ ማንም ሊጠይቀው አይደፍርም።

መፍትሔው የጥያቄውን አቀራረብ መለወጥ ነው። «ትችላለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ እሺታ ትሕትና፣ እምቢታ ድፍረት ይሆናል። በአንጻሩ ሥራ አስኪያጇ በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም ሰው ወረቀት አድላ እያንዳንዱ የማይመቹትን ቢያንስ ሦስት ቀናት እንዲጽፍ ብትጠይቅ፣ እምቢታው ራሱ የተጠየቀ መልስ ይሆናል። ባዶ ወረቀት የሚመልስ ሰው ትእዛዝ እንዳልፈጸመ ይቆጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን አለመቻልን ከነውርነት አውጥቶ መረጃ ማድረጉ ነው። ወረቀቱ ተዋንያንንና አዘጋጁንም ማካተት አለበት። (አዘጋጁ መምህር በሚሆንበት ጊዜ የእርሱም ልብ በስብሰባና በፈተና እርማት መከፈሉ የተለመደ ነው፤ ስለ እርሱ መዘግየት የሚጻፍ ማሳሰቢያ ግን እምብዛም አይታይም።)

ረዳቱ በዕድሜ የሚበልጥ ሲሆን ሌላ ችግር ይመጣል። በማታው መርሐ ግብር የሚማሩ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩና ቀን መሥሪያ ቤት የሚውሉ ተማሪዎች አሉ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ሥራ አስኪያጅ አርባ የደፈነውን ሰው «አንተ» ብላ መጥራት አይሆንላትም፤ «እርስዎ» ወይም «ጋሼ» እያለች ደግሞ ስለ መዘግየት መናገር ይከብዳታል። አክብሮቱን ለመተው መሞከር ስሕተት ነው። ይልቁንም አክብሮቱ ሳይጓደል ጉዳዩን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል፤ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የጥሪ ወረቀት «የመድረክ ቁሳቁስ ክፍል፣ 10፡30» ሲል ማንንም አንተ ወይም እርስዎ አይልም።

ከንግግር በፊት መዝገብ

ሥራ አስኪያጇ ገንዘብ የላትም፣ ውልም የላትም። ከባሕር ማዶ ያለውን አሠራር ስናይ ልዩነቱ ይታያል። በአሜሪካ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የተዋንያንና የመድረክ ሥራ አስኪያጆች ማኅበር የሥራ ሰዓትን በውል ያስወስናል፤ በብሪታንያ ቴአትሮችም የግማሽ ሰዓት ጥሪ ተብሎ የሚታወቀው፣ በተግባር ግን መጋረጃው ከመከፈቱ 35 ደቂቃ አስቀድሞ የሚሰጠው ማስታወቂያ ሁሉም ሰው በሕንጻው ውስጥ መገኘት ያለበትን ጊዜ ይወስናል። በዚያ ውሉ የሚመልሰውን ጥያቄ ተማሪዋ በንግግር ልትመልሰው ይገባታል። በእጇ ያለው ኃይል የዕለት መዝገቡና የሥራ ድልድሉ ነው።

የዕለት መዝገብ የማን ጥፋት እንደሆነ የሚናገር ሰነድ መሆን የለበትም። «ረዳቱ ዛሬም በቸልተኝነት ዘግይቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ፍርድ ነው፤ ጸሐፊዋ ያላየችውን የሰው ልብ ይመሰክራል። «ልምምዱ በ11፡00 ሊጀመር ታቅዶ በ11፡20 ተጀመረ፤ የሁለተኛው ገቢር ጠረጴዛ ዝግጁ አልነበረም፤ የመድረክ ቁሳቁስ ረዳት በ11፡15 ደረሰ» የሚለው ግን ሁሉም ያየው ነው። ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስረዳው ሰው የሌላውን ጥፋት ሲያይ ለጠባይ ከሚገባው በላይ፣ ለሁኔታ ደግሞ ከሚገባው በታች ቦታ ይሰጣል። በመዝገብ ላይ ቅጽልን መተው ይህን ዝንባሌ ቢያንስ ከወረቀቱ ላይ ያስቀራል። መዝገቡ ስለ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቋንቋ መጻፍ እንዳለበትም ግልጽ ነው፤ ስለ አንድ ሰው ብቻ የሚጻፍ መዝገብ የክስ ማኅደር ነው።

ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ከተመዘገበ በኋላ ንግግር ይከተላል። ንግግሩ ለብቻ፣ ከልምምዱ በፊት እንጂ ሁሉም ከደከመ በኋላ ሳይሆን፣ ቢቻል እየተራመዱ ወይም ሻይ እየጠጡ ቢሆን ይመረጣል። «ለምንድን ነው የምታረፍደው?» የሚል ጥያቄ ይቅርታና ምክንያት ይወልዳል፤ ሁለቱም ለነገ ልምምድ አይጠቅሙም። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ማክሰኞና ሐሙስ ልምምዱ ያለ ጠረጴዛው ነው የተጀመረው። ቀረጻ እንዳለህ ሰምቻለሁ፤ እሱን ተው ልልህ አልመጣሁም። እስከ ትርኢቱ ድረስ የትኞቹን ቀናት እንደማትችል ንገረኝና ሥራውን በዚያው ልክ እናስተካክለው።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ወሳኙ መካከለኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ሥራ እንደሚታወቅና እንደማይወገዝ ስለሚናገር መደበቅን ትርፍ የሌለው ያደርገዋል።

ረዳቱ «እሞክራለሁ» ቢል ሥራ አስኪያጇ ይህን እንደ መልስ ልትቀበለው አይገባትም፤ በደግነት ግን በጽናት ወደ ቀናቱ ልትመልሰው ይገባል። ስለ ጉዳዩ ለመምህሩ ወይም ለአዘጋጁ የምትናገር ከሆነም አስቀድማ ለረዳቱ ልትነግረው ይገባል፤ ለምሳሌ እስከ ሰኞ መልስ ካልተገኘ ሥራው እንዲደለደል አዘጋጁን እንደምትጠይቅ። ቀኑን የተናገረች ሥራ አስኪያጅ ደንብ ጠብቃለች፤ ሳትናገር የሄደች ግን ነገር አመላላሽ ተብላ በክፍል ጓደኞቿ ዘንድ ስሟ ይጠፋል፤ ያ ስም ደግሞ ከአንድ ዝግጅት በላይ ዕድሜ አለው።

ሥራውን ማዛወርና የታታሪው ረዳት ዕዳ

የመድረክ ረዳት ሥራ ሲዘረዘር ሁሉም በትርኢቱ ሰዓት የሚሠራ አይደለም። ቁሳቁስ ማፈላለግ፣ ለውሰት የሚሆን ደብዳቤ ማስጻፍና ማስፈረም፣ ልብስ ለስፌት ማድረስ፣ የጥሪ መልእክት መላክ፣ የቁሳቁሱን ጠረጴዛ በወረቀት ሸፍኖ የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽና ስም በላዩ መሣል፣ እነዚህ ሁሉ ረዳቱ በሚመቸው ሰዓት ሊሠራቸው የሚችላቸው ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ምልክት መጠበቅና ዕቃ ማቀበል ግን ሰዓቱ የተቆረጠ ነው። አስተዋይ ድልድል የመጀመሪያውን ዓይነት ልቡ ለተከፈለው፣ ሁለተኛውን ሁልጊዜ ለሚገኘው ይሰጣል። እንዲያውም ቀረጻ ላይ የሚውል ረዳት ዕቃ የሚያውሱ ሰዎችን፣ የድምፅ መሣሪያ ያላቸውን ጓደኞች ያውቃል። ሳም ሲበር እ.ኤ.አ. በ1974 የብዙ ኃላፊነት ባለቤት መሆን መወጠርን ብቻ ሳይሆን ሀብትንም እንደሚያመጣ የጻፈው በዚህ ላይ ይሠራል።

ነገር ግን በዚህ ድልድል ውስጥ በጸጥታ የሚጎዳ ሦስተኛ ሰው አለ። በየምሽቱ የምትገኘው ረዳት፣ ስለምትገኝ ብቻ፣ የሌላው ሰው ሥራ በላይዋ ይከመራል። አታማርርም፤ እርሷም ይሉኝታ አላት። ሆኖም ስቴሲ አዳምስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ እንደተገለጸው ሰው የሚሰጠውንና የሚያገኘውን ከባልደረባው ጋር ያነጻጽራል፤ ሚዛኑ ሲዛባም ወይ የሚሰጠውን ይቀንሳል ወይ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጇ አንድን የተከፈለ ልብ ለማስታመም ስትደክም ያልተከፈለውን ልታጣ ትችላለች፤ በተማሪ ዝግጅቶች ላይ ከሚያጋጥሙ ኪሳራዎች ሁሉ ይህ ከባዱ ይመስለኛል፤ አስቀድሞ ምልክት አይሰጥምና።

የዚህ መድኃኒት ምስጋና ብቻ አይደለም። የተጨመረው ሥራ በመዝገብ መግባት፣ በተመልካች በሚታደለው የፕሮግራም ወረቀት ላይ የሥራ ድርሻዋ በተጨመረው ልክ መጠራት፣ በውጤት አሰጣጥም መታየት አለበት። እዚህ ላይ የመምህራን ድርሻ ይመጣል። የቡድን ሥራ ለሁሉም አንድ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ ልቡ የተከፈለው ረዳት የሚያጣው ነገር የለም፣ የታታሪዋም ትርፍ ድካም ብቻ ነው። የዕለት መዝገቡ ለውጤት አሰጣጥ እንደ አንድ ማስረጃ የሚታይ ከሆነ ግን፣ ይህም ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ከተነገረ፣ ሥራ አስኪያጇ ጓደኛዋን ከመለማመጥም ከመክሰስም ትድናለች።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ የዝግጅቱ መዝገብ አያያዝ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ የተውኔቱ ጽሑፍ፣ የተዋንያን እንቅስቃሴ፣ የመብራትና የድምፅ ምልክቶች ሁሉ ይሰፍራሉ። የእያንዳንዱ ረዳት ሥራም በተመሳሳይ መንገድ ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል ዝርዝር መጻፍ አለበት፤ የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው በኩል፣ በየትኛው ቃለ ተውኔት፣ ለማን። ልቡ የተከፈለ ረዳት ሥራውን በጭንቅላቱ ይዞት እንዲዞር መፍቀድ አደገኛ ነው። ዝርዝሩን ራሱ እንዲጽፈውና ከመጨረሻው ሙሉ ልምምድ በፊት ሌላ ሰው አንድ ጊዜ በዚያ ዝርዝር ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ጕድለቱን ሁሉ ያወጣል። ተገኝቶ ሐሳቡ ላልተሰበሰበለት ረዳትም ይኸው ዝርዝር ያገለግላል፤ እንደደረሰ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየነካ ድምፁን አሰምቶ እንዲቆጥር ቢደረግ፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላው ይህ ሥራ ከቀረጻው ሜዳ ወደ አዳራሹ ያሻግረዋል።

መለያየት ሲመጣ

ድልድሉም ንግግሩም ያልሠራበት ጊዜ ይኖራል። ውሳኔው መደረግ ያለበት ከቴክኒክ ልምምዱ በፊት ነው። ከዚያ በፊት አዲስ ሰው ሥራውን ከተዋንያኑ ጋር አብሮ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ሰው ግን በጨለማ ውስጥ እንግዳ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇ በፕሮግራሟ ላይ ከቴክኒክ ልምምዱ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ለራሷ የውሳኔ ቀን ምልክት ብታደርግ፣ ነገ ይሻል ይሆናል እያለች አትዘገይም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያለው ምርጫ ማሰናበት ሳይሆን ሰዓቱ ከተቆረጠው ሥራ ላይ ማንሣትና ቀሪውን መተው ነው።

ረዳቱ ሁለተኛውን ሥራ መምረጡ ትክክል የሚሆንበት ሁኔታም አለ። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ወይም ታናናሾቹ የሚማሩበት ገንዘብ ከሆነ ከተማሪ ዝግጅት በፊት መምጣቱ የሚያስወቅሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በክብር እንዲሄድ ማድረግ ለትርኢቱም ይጠቅማል፤ ተጣልቶ የሚሄድ ረዳት ርክክብ አያደርግም።

ርክክቡ ደግሞ በተማሪ ዝግጅት ከሚታሰበው በላይ ክብደት አለው። በመድረኩ ላይ የሚታየው ጀበና የአክስቱ ሊሆን ይችላል፤ ጋሻውን ያዋሰው ጎረቤት የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነው፤ የአዳራሹ ጓዳ ቁልፍ በእርሱ ስም ወጥቷል። ረዳቱ ከመሄዱ በፊት የተዋሱት ዕቃዎች ዝርዝር ከነባለቤቶቹ ስምና ከተዋሱበት ቀን ጋር መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት ስልክ ተደውሎ ከእንግዲህ ዕቃውን የምትመልሰው ማን እንደሆነች በረዳቱ አንደበት መነገር፣ ቁልፉም በፊርማ መመለስ አለበት። የሥራ ዝርዝሩን ለተተኪው በአንድ ሙሉ ልምምድ ላይ አጠገቡ ቆሞ እንዲያሳይ ቢደረግም መልካም ነው፤ ለዚህ የሚሆነው ምሽት እርሱ ከማይችላቸው ቀናት ውጪ መመረጥ ይኖርበታል። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ስሙ እስከ ሄደበት ቀን ድረስ ከሠራው ሥራ ጋር ይቆያል፤ ጀበናውም ከመጨረሻው ትርኢት ማግስት ለአክስቱ ይመለሳል።